መልስ፦ የርቀት ትምህርትን ለማስተባበሪያው ብቻ መተው ይበቃል?

ጠያቂው «የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትና ዲኖቹ ስለ ርቀት ትምህርት ጠለቅ ብለው ማወቅ አለባቸው ወይስ ለማስተባበሪያ ክፍሉ ቢተዉት ይበቃል?» ብለዋል። በእኔ እምነት አይበቃም።

ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። በመደበኛው ትምህርት ብዙው ወጪ በየዓመቱ ለደመወዝና ለመማሪያ ክፍል ይውላል። በርቀት ግን ትልቁ ወጪ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት፣ ሞጁሉ (ተማሪው በራሱ የሚያጠናበት የኮርስ መጽሐፍ) ሲጻፍ፣ ሲገመገምና ሲታተም ይመጣል። ይህን ያላወቀ ኃላፊ በጀቱን ከምዝገባ በኋላ ይለቃል፤ ሞጁሉም ከፈተናው ጋር እኩል ይደርሳል። በርቀት የሚያስተምረው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ተቋቁሞ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ማስተማር የጀመረው በ1971 ነበር። በመካከሉ ኮርስ ሲዘጋጅ ነበር እንጂ ጊዜ አልባከነም።

ዲን ቁጭ ብሎ ሞጁል ይጻፍ አልልም። የቤት ሥራ ማረም በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ እንዲቆጠር መወሰን ግን የእርሱ እጅ ነው። ካልተቆጠረ ወረቀቱ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ይመለሳል፤ ለርቀት ተማሪ ደግሞ የመምህሩ አስተያየት ማለት ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ እንደመጠየቅ ነው። ሬጅስትራሩና ቤተ መጻሕፍቱም ያው ናቸው፤ አስተባባሪው ይለምናቸዋል እንጂ አያዛቸውም።

የአመራሩን ተሳትፎ መለካት ከፈለጉ ረጅም መጠይቅ አያስፈልግዎትም። ተቋሙ ካሳተማቸው ሞጁሎች አንዱን እንኳ ገልጠው አንብበው እንደሆነ ይጠይቋቸው።