የአሮጌው አጥር መስመር

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ያለው የወላጆቻችን ቤት አጥር ድንጋይና ጭቃ ነው። የመንገድ ዳሩ ወደ ውጭ አዘንብሏል። በጎረቤት በኩል ያለውን 20 ሜትር ደግሞ ጎረቤታችን «ግማሹ የእኔ ነው» ይላሉ። ሁሉንም በብሎኬት መተካት ፈቃድ ይጠይቃል?

መልስ፦ ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጁ ግንባታ ያለ ሕንፃ ሹም (የከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ) ፈቃድ እንዳይጀመር ያዛል። የወደቀ ድንጋይ መመለስ ጥገና ነው፤ አፍርሶ አዲስ መሠረት ማውጣት ግን ግንባታ ነው። ካርታው ገና በአባት ወይም በእናት ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስም ማዛወሩን አስቀድሙ። (ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ተከራይ በራሱ አያፈርስም፤ አከራዩ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት።) የፕላን ስምምነት (ግንባታው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ስትጠይቁ መንገዱ ወደፊት ይሰፋ እንደሆነ፣ የሚፈቀደውን ከፍታና በመንገድ በኩል አጥሩ ድፍን ይሁን ወይስ የሚያሳይ የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ትልቁ ስህተት ቀያሽ ሳይመጣ ማፍረስ ነው። አሮጌ አጥር ከካርታው መስመር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የት እንደነበረ የሚመሰክር የለም። ከቤቱ ጥግ እስከ አጥሩ ቢያንስ በሦስት ቦታ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ጎረቤት ባሉበት ችካል አስመቱ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አጥሩ የጋራ ከሆነ ወጪውንና ኮለኖቹ (የኮንክሪት ምሰሶዎቹ) በማን በኩል እንደሚወጡ እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ።

የጋራ ካልሆነ መሠረቱን አስቡ። የድንጋይ መሠረት 50 ሳ.ሜ. ይሰፋል፤ ብሎኬቱ 15 ነው። የብሎኬቱ ፊት ልክ ወሰኑ ላይ ከቆመ መሠረቱ 17.5 ሳ.ሜ. ጎረቤት ግቢ ይገባል። ብሎኬቱን ከመሠረቱ ጠርዝ ላይ መደርደር መፍትሔ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን አድልቶ ግንቡን ያዘምማል። ወይ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ወይ ተስማሙ። የጎረቤት ቤት መሠረት ቅርብ ከሆነ ቁፋሮውን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ ሁለት ሁለት ሜትር እያለፋችሁ ቆፍሩ፣ ገንቡ፣ ከዚያ የተዘለለውን ቆፍሩ።

ዋልካ አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከግንቡ አጠገብ ያለ ማንጎ ወይም ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥበቱን እየጠጣ ያባብሰዋል። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ዋልካውን አውጡ፤ ጥልቅ ከሆነ ገረጋንቲ በ20 ሳ.ሜ. ንጣፍ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ከመሠረቱ በላይ ባለ 4 ፌሮ (12 ሚ.ሜ.) ቢም፣ ማለትም አግዳሚ የኮንክሪት ማሰሪያ፣ እሰሩ፤ ኮለን በየ3 ሜትሩ፣ ስታፋ (ፌሮዎቹን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) በየ20 ሳ.ሜ.። በየ10 ሜትሩ ገደማ 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ተዉ፤ አለዚያ ግንቡ ክፍተቱን ራሱ ባሻው ቦታ ያወጣል።

ለጎረቤት በኩሉ አጥር የሚበቃውን ብሎኬት እናስላ፦ 20 ሜትር ርዝመት በ2 ሜትር ከፍታ 40 ካሬ ነው፤ በካሬ 12.5 ብሎኬት 500 ይሆናል፣ ለሚሰበረው 25 ጨምሩ። የኮለኖቹን ቦታ አልቀነስንም፤ ትንሽ ይተርፋችኋል።

ያዘነበለውን የመንገድ ዳር ግን ከማፍረሳችሁ በፊት ለምን እንዳዘነበለ እዩ። የግቢው አፈር ከመንገዱ ከፍ ብሎ ከሆነ የገፋው እርጥብ አፈር ነው፤ 15 ሳ.ሜ. ብሎኬትም ያንን አይችልም። እስከ ግቢው አፈር ከፍታ በድንጋይ ግንብ ውጡ፣ ብሎኬቱ ከዚያ በላይ ይጀምር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ጭቃና ድንጋይ ውሃ ያሳልፍ ነበር፣ ብሎኬት ግን ይገድባል። በየ2 ሜትሩ 5 ሳ.ሜ. የውሃ መውጫ ቱቦ አስገቡ፣ ከኋላው ጠጠር ይኑር፤ ውሃው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ግን አቅጣጫውን አስቡበት።

ጥያቄ፦ የእኛ ግቢ ጣና ዳር ነው። አጥሩን እስከ ውሃው ማድረስ እንችላለን?

መልስ፦ አጥር ካርታው በሚያበቃበት ያበቃል። ሐይቁ በግንቦት ሸሽቶ የሚተወው ደረቅ መሬት የግቢ ቅጥያ አይደለም፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመለስበታል። ቁፋሮውን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አድርጉት፤ ከክረምት ማግስት ጉድጓዱ ውሃ ይሞላባችኋል። በሐይቁ በኩል ድፍን ግንብ ሳይሆን ኮለንና ሽቦ ይሻላል፤ የግቢው ጎርፍ መውጫ ያገኛል።