ፓስፖርቱን ማን ይያዘው?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሰው ኃይል አስተዳደር ተመርቀሻል፤ ዐረብኛውንም መድረሳ ሳለሽ ይዘሽዋል። አሁን ኳታር ውስጥ የሚሠራ አንድ የአውሮፓ የግንባታ ኩባንያ ሊቀጥርሽ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ። ያስጨነቀሽ ከሥራ ዝርዝርሽ አንዱ መስመር ነው፦ አዲስ ገቢ ሠራተኞችን «ፓስፖርቴን ድርጅቱ እንዲያስቀምጥልኝ በፈቃዴ ጠይቄያለሁ» የሚል የአማርኛ ቅጽ ማስፈረም። አባትሽ ደግሞ «ሕጉ ከፈቀደ አንቺ ምን አገባሽ? ታናናሾችሽን አስቢ» ብለውሻል።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ለደላላ የተበደረውን ሳይከፍል ገና ከአውሮፕላን የወረደ የወረባቦ ልጅ «አልፈርምም» ብሎ ማንን ይጋፈጣል? እ.ኤ.አ. የ2015 የኳታር ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ ግን ይፈቅዳል። ቅጹ የተሰናዳው ለዚህች ቀዳዳ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመታወቂያ ሰነድ መያዝን ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የውጭ ዜጋ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በማይችልበት አገር ያ ልጅ አቤት የሚልበት ቦታ ጠባብ ነው። እናቱ አርፋ ፓስፖርቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የሚያገኘው አንቺን ነው፤ ከቅጹ ግርጌ «አስፈራሚ» በሚለው ቦታ ያለውም ያንቺ ስም ነው።

ኩባንያውም «የአገሩ ሕግ ነው» ብሎ አያመልጥም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበላቸው መርሆዎች፣ መንግሥት ግዴታውን ተወጣም አልተወጣም ኩባንያ መብት ማክበር አለበት ይላሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የአገሪቱ ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች በውጭ ሥራቸው ጭምር እንዲህ ያለውን አደጋ ለይተው እንዲከላከሉ ያስገድዳል።

ስለዚህ ሳትፈርሚ ለቅጥር ኃላፊው ጻፊ፦ ሌላውን ሥራ ሁሉ እሠራለሁ፣ ይህን ቅጽ ግን አላስፈርምም፤ ለየሠራተኛው ቁልፉ በራሱ እጅ የሚሆን ሣጥን ይሰጠው። መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካሉ አትሂጂ። እኔ የሠራተኛ ፋይል ይዤ የኖርሁት እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው፤ ደመወዙ ከኳታሩ ጋር አይወዳደርም፣ ሙያው ግን ይገኛል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል።

ልትማሪው ያሰብሽው ሁለተኛ ዲግሪ ይቆይ። የቪዛውና የትኬቱ ወጪ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የአሠሪው ስለሆነ፣ አጎትሽ ለጉዞሽ ብለው በሬያቸውን እንዳይሸጡ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።