ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሒሳብ ሠራተኛዋ ወዴት ትሂድ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 37 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን የምኖረው ደሴ ነው። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በፋይናንስ ኦፊሰርነት ሠርቻለሁ። ድርጅታችን ይንቀሳቀስ የነበረው በአሜሪካ የዕርዳታ ገንዘብ ስለነበር ዕርዳታው ሲቋረጥ ሁላችንም ተሰናበትን፤ ቢሮውም በቅርቡ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። እስካሁን ከ40 በላይ ማመልከቻ ያስገባሁ ሲሆን አብዛኞቹ ለተመሳሳይ ድርጅቶች ናቸው፤ ለፈተና የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የሚከፍለው ግን 17 ሺህ ብር ነው፤ እኔ 41 ሺህ ብር ይከፈለኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ በስንብት ክፍያዬ ፒያሳ ላይ ሱቅ ተከራይተን ልብስ እንነግድ ይላል፤ አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠይቋል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድመው፣ ማመልከቻዎ መልስ ያጣው በእርስዎ ድክመት እንዳልሆነ ይረዱልን። የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን ካገደ በኋላ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች በዚያው ቀርተዋል፤ በአገራችንም የጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል ባለሙያዎችን ውል ለማቋረጥ ተገድዷል። ዛሬ አንድ የፋይናንስ ኦፊሰር ቦታ ሲወጣ የእርስዎን ያህል ልምድ ያላቸው፣ በእርስዎው ቋንቋ ሪፖርት የሚጽፉ ባልደረቦችዎ ሁሉ አብረው ያመለክታሉ። 41ኛውንና 42ኛውን ማመልከቻ ወደዚያው በር መላክ ድካም እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

ይሁንና መቀየር ያለበት ዘርፉ ነው እንጂ ሙያው አይመስለኝም። የሒሳብ ሰው የሚፈለግበት ቦታ አልጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጥሬ ዕቃ ዋጋ እየተቀያየረባቸው፣ በድሮ ዋጋ ሸጠው በአዲስ ዋጋ መተካት ያቃታቸው አምራቾችና ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች፣ አንድ ዕቃ በእርግጥ ስንት እንደወጣበት አስልቶ የሚነግራቸው ባለሙያ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስመጪ ሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጥር ከፈታኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቱ ምንም ጥያቄ ሳይጠይቁ በደረሰኝ የተሞላ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው «እስቲ ይህን ለይልኝ» ይሉ ነበር። ጥሩ የትምህርት ማስረጃ የነበራቸው ሦስት አመልካቾች ቅጽ ይሰጠን አሉ። አንዲት ልጅ ግን ዝም ብላ የካሽ ሬጅስተሩን ደረሰኝ በእጅ ከሚጻፈው የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ ለየች፤ ቫት ያለበትን ለብቻው ደረደረች፤ ቀኑ የደበዘዘውን ወደ ጎን አድርጋ «ይህ ለግብር ላይያዝልዎት ይችላል» አለች። የተቀጠረችው እርሷ ነች። እርስዎም ይህን የመሰለውን ሥራ ለዓመታት የኖሩበት ይመስለኛል፤ ችግሩ የሥራ ልምድ መግለጫዎ ይህን አለመናገሩ ነው።

ስለዚህ ሲቪዎን እንደገና ይጻፉት። «ለለጋሽ ድርጅቶች የሩብ ዓመት የፋይናንስ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ትርጉም አይሰጠውም። በምትኩ በዓመት ስንት ሚሊዮን ብር በእጅዎ እንዳለፈ፣ መጋዘን ቆጥረው ከመዝገብ ጋር አስታርቀው ከሆነ ስንት መጋዘን እንደነበረ፣ የውጭ ኦዲተር ሒሳብዎን ሲመረምር ምን ውጤት እንደተገኘ በቁጥር ያስፍሩ። ፒችትሪ ወይም ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚችሉ ከሆነ ስሙን ከላይ ያድርጉት። የጎደለዎት ነገር ቢኖር የምርት ወጪ ስሌትና የየወሩ የቫት ማሳወቂያ ነው፤ ይህንንም ከአንድ በሥራው ላይ ካለ ሒሳብ አዋቂ ዘንድ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው ሊቀስሙት ይችላሉ። በማመልከቻ ደብዳቤዎ ውስጥም አንድ ነገር በግልጽ ይጻፉ፤ የግል ቀጣሪዎች የፕሮጀክት ሰው «ፈንዱ ሲመለስ ጥሎኝ ይሄዳል» ብለው ይሰጋሉና፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ለመቆየት ቆርጠው እንደመጡ ይንገሯቸው። ቃሉን የሚጽፉት ግን በእርግጥ ካሰቡበት ብቻ ነው።

17 ሺህ ብር የሚያሳምም ቁጥር መሆኑን አልክድም። ደመወዙን ሲመዝኑ ግን ሁለት ነገር ይጨምሩበት። አንደኛ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሠራተኛ ሰርቪስ አለ ወይስ የለም የሚለው በየወሩ ከኪስዎ የሚወጣውን ይወስናል። ሁለተኛ፣ ጡረታ። በድርጅትዎ በኩል ዘጠኙን ዓመት 7 ከመቶ ከእርስዎ፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ሲዋጣ ከቆየ፣ የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት የሚጠየቀውን 10 ዓመት አገልግሎት ለመሙላት የቀረዎት አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ በጡረታ የሚያስመዘግብ ቀጣሪ ከማያስመዘግበው በእጅጉ ይበልጥብዎታል። የሙከራ ጊዜው በሕግ ከ60 የሥራ ቀን ስለማይበልጥ፣ ያ ሲያልቅ ደመወዙ እንደገና እንዲታይ ከመፈረምዎ በፊት ጠይቀው በጽሑፍ ያስይዙ።

ስለ ሱቁ፣ ባለቤትዎ ያሰቡት ለቤተሰቡ ተጨንቀው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም አሁን አይግቡበት እላለሁ። ግማሽ ዓመት ኪራይ ከፍለው የቀረው ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ፣ ተሸጦ ሲያልቅ በዚያው ብር ያንኑ ያህል ላይተካ ይችላል። ንግዱ ከልብ የሚማርካችሁ ከሆነ ከሚያውቅ ነጋዴ ጋር አንድ በዓል አብራችሁ ሽጡና ገበያውን እዩት። የስንብቱ ገንዘብ እስከዚያ የልጆቹ ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ይቆይ።

የሚያስቸኩልዎት ግን ሌላ ነገር ነው። ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ያውጡ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ፈራሚው አገር ለቆ ከሄደ በኋላ ግን መብቱ ቢኖርም ማኅተሙ የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ። በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው አንድ ባንክ ውስጥ እንደሚያስቀጥረኝ ነግሮኝ፣ ለመመዝገቢያ 5 ሺህ ብር በቴሌብር እንድልክ ጠይቆኛል። እናቴ ገንዘቡን ልትበደርልኝ ነው። ልላክ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትላክ፤ እናትህም አይበደሩ። ሕጋዊ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ በአገር ውስጥ ለሚያገናኘው ሥራ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል፤ ባንኮችም ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖራቸው ማስታወቂያ አውጥተው ይፈትናሉ እንጂ በአንድ ግለሰብ ስልክ ላይ ክፍያ አይሰበስቡም። ማስታወቂያው እውነት መሆኑን ለማጣራት ከፈለግህ በቀጥታ ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ሄደህ ጠይቅ። የተጻጻፋችሁትን ከስልክህ አታጥፋ፤ አስቀድመህ የላክኸው ገንዘብ ካለም የግብይት ቁጥሩን ይዘህ በአቅራቢያህ ላለው ፖሊስ አመልክት።