የዋልካ ምርጊት ለምን ይሰነጠቃል?

ከእነዋሪ (ሰሜን ሸዋ) የጻፉልን አንባቢ የማድቤታቸው ግድግዳ በጥቁር አፈር ተመርጎ በአራተኛው ቀን ተሰነጣጠቀ፤ ሌላ ሰው በላዩ ሲሚንቶ ለሰነበት፤ ክረምት ሲገባ ሲሚንቶው እየተገመሰ ወረደ።

ስንጥቁ ጣት የሚያስገባና ጠርዙ ወደ ውጭ የተቆለመመ ከሆነ ጥፋቱ የጭድ ማነስ ሳይሆን አፈሩ ነው። የእነዋሪ ሜዳ ጥቁር አፈር ዋልካ ነውና።

መሮ ከማንሳትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ። በጭቃ ቤት ሽቦ ያለ ቱቦ ምርጊት ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል፤ ይገድላል።

ዋልካ ከባዛልት ድንጋይ የመጣ፣ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን የበዛበት ሸክላ አፈር ነው። ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊሜትር ያንሳል፤ እሱም ራሱ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ንጣፎች አሉት። እያንዳንዱ ንጣፍ ሁለት የሲሊካ ገበታና በመሃላቸው አንድ የአሉሚኒየም ገበታ ነው። ንጣፍና ንጣፍ የተያያዙት በደካማው ስለሆነ ውሃ ሰርጎ ይገባና ያራርቃቸዋል፤ ሲደርቅ መልሰው ይጠጋጋሉ። ክረምት የሚያብጠው፣ በጋ ማሳው ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፈተው በዚሁ ነው። ቀይ አፈር ላይ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን አንድ የሲሊካ ገበታ ለአንድ የአሉሚኒየም ገበታ ነው፤ ንጣፎቹ ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ ውሃ በመሃል አይገባም፣ ሲደርቅም የሚኮማተረው ጥቂት ነው። ጭድ ስንጥቁን ያቀጥነዋል እንጂ ይህን ጉልበት አያቆመውም። ሲሚንቶማ ጭራሽ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ከኋላው እርጥበት አምቆ ይገነጠላል። እንዲህ ያለ ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲሚንቶውንና የላላውን ዋልካ በሙሉ ያራግፉ። ቀይ አፈር ካገኙ 1 ባልዲ ለ2 ባልዲ የወንዝ አሸዋ፤ ዋልካ ብቻ ካለ 1 ለ4 ይጀምሩ። በርካሽ የሚራገፈው አሸዋ ብዙውን ጊዜ ደለል አለበት፤ ጨብጠው ሲለቁት መዳፍዎን ካቆሸሸ አይግዙት። የጤፍ ጭድ ጨምረው 3 ቀን ያቡኩት።

ከዚያ ከጭቃው ጥቂት ወስደው ጠፍጥፈው 10 ሴንቲሜትር መስመር ይጫሩበትና በጥላ ያድርቁት። ሲደርቅ መስመሩ ከ9.7 ሴንቲሜትር ካነሰ አሸዋ ይጨምሩና እንደገና ይሞክሩ። ይህን ሳያዩ አይምረጉ።

ግድግዳውን አርጥበው የመጀመሪያውን ከ1.5 ሴንቲሜትር ሳያስበልጡ ይምረጉና ፊቱን ይጫጭሩት፤ በደንብ ሲደርቅ ግማሽ ሴንቲሜትር ማጠናቀቂያ ይጨምሩ። ፀሐይ ከበረታ በእርጥብ ጆንያ ይከልሉት። ሽቦውን ከመምረግዎ በፊት በቱቦ ያስገቡ፤ እርጥብ ጭቃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ግድግዳው እስኪደርቅ የዚያን ቤት መብራት አያብሩ።