«ዕድሜዬ አመለጠኝ» የሚያሰኘው ሰዓት

(በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም አላገባሁም፤ ከወላጆቼ ቤትም አልወጣሁም። ሁለቱ ታናናሾቼ ግን ትዳር ይዘው ልጆች ወልደዋል። እናቴ ከታመመች 6 ዓመት አልፏታል፤ የማስታምማትም እኔ ነኝ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «አንቺስ መቼ ነው?» እባላለሁ። እኔም ዕድሜዬ እንዳመለጠኝ ይሰማኛል። ሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ስለዚህ የሚለው ነገር አለ? ወይስ ይህ የእኔ የግል ጣጣ ብቻ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሱት ጥያቄ የዚህ ሙያ መነሻ ነው ለማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ቻርልስ ራይት ሚልስ በ1959 የግል ችግርን ከኅብረተሰብ ጉዳይ ለይቶ ሲያስረዳ ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ የሁለቱ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከ1,000 ጋብቻዎች 250ው በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የሚፈርሱ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከባልና ሚስቱ ጠባይ አልፎ በኅብረተሰቡ አወቃቀር ውስጥ መፈለግ አለበት ይላል። የእርስዎንም ጉዳይ በዚህ ዓይን ስናየው ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታዩናል፤ አንደኛው ዘመድ አዝማድ የሚለካዎት በምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ የእናትዎ ሕመም ነው።

በርኒስ ኑጋርተን የተባለችው የጉልምስናና የእርጅና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1965 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ለማግባት፣ ሥራ ለመያዝ፣ አያት ለመሆንና ጡረታ ለመውጣት ተገቢው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ መልሳቸው እጅግ የተቀራረበ እንደነበር አሳይታለች። ይህ የጋራ ግምት «ማኅበራዊ ሰዓት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሰዓቱ የሚያስጨንቀው ሌሎች ስለሚጠይቁን ብቻ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ውስጣችን ስለሚገባ፣ ማንም ሳይጠይቀን ብቻችንን ተቀምጠን ራሳችንን «ዘግይቻለሁ» እያልን የምንወቅስበትም ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሰዓት እያንዳንዱ ዘመን ለራሱ ይሞላዋል። በአሜሪካ የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ በ1890 ለወንዶች 26፣ ለሴቶች 22 ዓመት ገደማ ነበር፤ በ1956 ወደ 22 ተኩልና 20 ወረደ፤ ዛሬ ደግሞ ወደ 30 እና 28 ወጥቷል። በ1950ዎቹ ያገቡ ሰዎች ቀድሞ ማግባትን ከጥንት የመጣ ሥርዓት አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ልማዱ ከአያቶቻቸው ዘመን ይልቅ የእነርሱ የራሳቸው ነበር። የሕዝብ ጥናት ተመራማሪው ጆን ሃጅናልም በዚያው በ1965፣ በምዕራብ አውሮፓ ኢንዱስትሪ ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ሴቶች በአብዛኛው በሃያዎቹ አጋማሽ ያገቡ እንደነበርና ሳያገቡ የሚኖሩትም ጥቂት እንዳልነበሩ ጽፏል።

ወደ እናትዎ ሕመም እንለፍ፤ እኛ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ግሌን ኤልደር በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት በካሊፎርኒያ ያደጉ ልጆችን ሕይወት ተከታትሎ በ1974 ባሳተመው ሥራና ከዚያ በኋላ ባስከተላቸው ንጽጽሮች፣ አንድ ዓይነት ችግር በተለያየ ዕድሜ ላይ ሲደርስ የተለያየ ጉዳት እንደሚያስከትል አሳይቷል። በ1920 እና 1921 የተወለዱት ድቀቱ ሲመጣ ሠርተው ቤተሰባቸውን ለመርዳት የደረሱ ስለነበሩ ብዙዎቹ ተቋቁመውት አልፈዋል፤ በ1928 እና 1929 የተወለዱት፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ገና በወላጆቻቸው እጅ ሳሉ ስለደረሰባቸው ይበልጥ ተጎድተዋል። ኤልደር ከዚህ ተነስቶ የሰዎች ሕይወት እርስ በርስ የተሳሰረ መሆኑን፣ የአንዱ መታጠፍ የሌላውንም መንገድ እንደሚያጥፍ የሕይወት ጉዞ ጥናት መሠረታዊ ሐሳብ አደረገው።

የእናትዎ ሕመም የሦስታችሁንም መንገድ ነክቷል። አንድ ሰው ከጎናቸው መቅረት ነበረበት፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ወላጅን የማስታመም ሸክም ከወንዶች ልጆች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ የራሳቸውን ቤት ካቆሙት ይልቅ ከወላጅ ጋር በሚኖሩት ላይ ይወድቃል። ታናናሾችዎ «በሰዓታቸው» ለመውጣት የቻሉት እርስዎ በመቆየትዎ ሊሆን ይችላል፤ በዘመድ ፊት የዘገየች ተብላ የምትታየውም ለሌሎቹ ጊዜ ስትሰጥ የኖረችው ልጅ ናት። ማግባትና አለማግባት የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ እናትን በተራ ማስታመም ግን የሁሉም ልጆች ጉዳይ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው የዘመድ ስብሰባ «አንቺስ መቼ ነው?» ሲባሉ ስለ ማስታመሙ ተራ በግልጽ ቢያነሱ ተገቢ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ድሮ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ቤተሰብን የበታተነው ፋብሪካና ከተማ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለእንግሊዝ ከሆነ እውነት አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌትና የካምብሪጅ ባልደረቦቹ የቆዩ የነዋሪዎች መዝገቦችን አሰባስበው ሲቆጥሩ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን የአንድ ቤት አባላት ቁጥር በአማካይ 4.75 ገደማ ሆኖ አገኙት። ሰዎች ዘግይተው ያገቡና ቶሎ ይሞቱ ስለነበር ሦስት ትውልድ አብሮ የሚኖርበት ዕድሜ አጭር ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ ተመራማሪው ማይክል አንደርሰን የ1851ን የሕዝብ ቆጠራ ይዞ ፕሬስተን በምትባለው የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ያገኘው ነው፤ በዚያ ዘመድ ያስጠጉ ቤቶች ቁጥር ወደ 23 በመቶ ይደርስ ነበር። እናቶች ፋብሪካ ሲውሉ አያቶች ሕፃናትን ይጠብቁ ነበርና፣ የከተማ ሕይወት ዘመዳሞችን ያቀራረበበትም ጊዜ አለ። ይህ የእንግሊዝ ታሪክ እንጂ የዓለም ሁሉ አይደለም፤ ብዙ ባለትዳሮች በአንድ ቤት ይኖሩባቸው የነበሩ ኅብረተሰቦች በሌሎች አካባቢዎች በርግጥ ነበሩ።

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም እንሠራለን። በቤት ሥራ አግዛታለሁ፤ እሷ ግን ትዳራችን ለእኔ ብቻ የሚመች እንደሆነ ትናገራለች። የምታማርረው በከንቱ አይደለምን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ «አግዛታለሁ» የሚለውን ቃል ይመልከቱት፤ ሥራው የእርሷ ነው ብሎ የሚነሳ ቃል ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ታልኮት ፓርሰንስ በ1950ዎቹ ባል እንጀራ ፈላጊ፣ ሚስት ስሜት ጠባቂ መሆናቸው ቤተሰቡን ያጸናል ብሎ ነበር። ሶሲዮሎጂስቷ ጄሲ በርናርድ ግን በ1972 በእያንዳንዱ ትዳር ውስጥ ሁለት ትዳር አለ፣ የእሱና የእሷ ስትል ጻፈች፤ የእሱ ከእሷ የተሻለ እንደሆነም ተከራከረች። ሌላዋ ሶሲዮሎጂስት አርሊ ሆክሺልድ በ1989 በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተደረጉ የጊዜ አጠቃቀም ጥናቶች ተነስታ ባሰላችው መሠረት፣ አሜሪካውያን ሴቶች የደመወዝ ሥራን፣ የቤት ሥራንና ልጅ ማሳደግን አንድ ላይ ደምረው በዓመት ከባሎቻቸው ይልቅ አንድ ሙሉ ወር፣ ያውም ቀንና ሌሊት የሚሠራበት ወር፣ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ባለቤትዎ በከንቱ ታማርራለች ብለን ለመፍረድ አንችልም። ለሁለት ሳምንት ሁለታችሁም የሠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ማን እንዳሰበው ጭምር መዝግቡ፤ የልጁን የክትባት ቀን ያስታወሰው ማን ነው? ዱቄቱ ሊያልቅ መሆኑን ያየውስ? ከዚያ በኋላ መዝገቡን አብራችሁ አንብቡት፤ ያገኛችሁትን ብትጽፉልን በደስታ እንቀበላለን።