ማትሪክ ከሳሎን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ልጄን ቤት አስቀምጬ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ማዘጋጀቴን አንድ ጊዜ ጣል ካደረግኩ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ ልንገራችሁ። ልጄ በ2016 ተፈትኖ ከ600 241 አመጣ። እንደገና ክፍል ገብቶ መቀመጥን ሞቴ ነው አለ። ለቲቶሪያል ከጥቂት ወር በላይ የሚከፈል ብርም አልነበረንም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ገርጂ ባለችን ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ አጠና፤ በ2017 በግል ተፈታኝነት ተፈተነና 318 አመጣ። እኔ መምህር አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማትሪክ የምለውም በድሮ ልማዴ ነው፤ ልጄ ይስቅብኛል። የምመልስላችሁ በቤቴ ያየሁትን ነው።

ልጄ 228 አመጣ። አባቱ “ሰነፍ ነው፣ ሥራ ይፈልግ” ይላል። እኔ ቤት ሆኖ ደግሞ ይፈተን ባይ ነኝ። ዓመት ማባከን ይሆንብኝ ይሆን? (እናት፣ ከአዳማ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባቱ ይህን ንገሪው። ፈተናው በ2014 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያው ዓመት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እንግዲህ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ ገደማ ወድቋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው ካለ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ 228ን እንደ አንድ ቁጥር አትዪው። በትኚው። የልጄ 241 ሲበተን እንግሊዝኛ 52፣ አፕቲትዩድ 55፣ ባዮሎጂ 44፣ ኬሚስትሪ 37፣ ፊዚክስ 29፣ ሒሳብ 24 ነበር። ለማለፊያው 300 የጎደለን 59 ነጥብ ነው። እሱ ግን እልህ ይዞት ሒሳብ ላይ ተተከለ፤ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ መጽሐፍ አልገለጠም። ያ ነው ያባከነው። ከ24 ተነስቶ 70 ለመድረስ የ9ኛ ክፍልን መሠረት ከስሩ መገንባት ይጠይቃል። ባዮሎጂን ከ44 ወደ 60 ማሻገር ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ቁጥሩን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ቁጭ አድርጌ ካሳየሁት በኋላ ነው የገባው። በሁለተኛው ሙከራ ባዮሎጂ 62፣ ኬሚስትሪ 55፣ አፕቲትዩድ 66፣ እንግሊዝኛ 61 አመጣ። ፊዚክስ 41፣ ሒሳብ 33። ሒሳቡ ዛሬም አያኮራም፣ ግን አለፈ።

አንድ ነገር ብቻ። የሪሚዲያል (ግማሽ ያላመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ነው የሚወሰነው። የልጅሽ ውጤት ለዚያ የሚበቃ ከሆነ ይግባ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው እንዳይሆን፤ “ደግሜ ተፈትኜ በኩራት እገባለሁ” የሚል ልጅ አውቃለሁ፣ በዓመቱ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው ያመጣው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት 8ኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሴት ልጄን ቤት አስጠናለሁ ብል አያስቅም? (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ አያስቅም። እንዲያውም ዲግሪ ያለን ሰዎች ነን የምንበላሸው። እኔ መጀመሪያው ወር ላይ “ሒሳብማ እኔ አለሁ” ብዬ ትሪጎኖሜትሪ ላስተምረው ተቀመጥኩ። ከሃያ ዓመት በፊት የተማርኩትን! ግማሹን ረስቼዋለሁ፣ ግማሹን በሌላ መንገድ ነው የማውቀው። እሱ “እንዲህ አይደለም” ይላል፣ እኔ “ዝም ብለህ ስማ” እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም አለቀስን። ባለቤቴ መጥቶ መጽሐፉን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሠራልን ይህ ነው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያጠናውን በአማርኛ ይነግረኛል። ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው፣ ለምን ብርሃን ይፈልጋል፣ ብርሃን ባይኖርስ? እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ “ለምን?” ብቻ ነው የምለው። ከተንተባተበ አላወቀውም ማለት ነው፣ ተመልሶ ይገልጠዋል። በእንግሊዝኛ የሸመደደውን ልጅ በአማርኛ አስረዳኝ ሲሉት ነው ጉዱ የሚታየው። ለዚህ ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ፤ እውነትም ስለማያውቁ ጥያቄዎ እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው የስህተት ደብተር ነው። የቀደሙ ዓመታት ፈተና ትሠራለች፣ ከመልሱ ጋር ታመሳክራለች፣ የተሳሳተችውን ብቻ ወደ አንድ ደብተር ትገለብጣለች። ከሥሩ ለምን እንደተሳሳተች በራሷ ቃል ትጽፋለች፦ አላነበብኩትም፣ ቸኮልኩ፣ ቃሉ አልገባኝም። የልጄ ደብተር ላይ ሦስተኛው እየበዛ ሲመጣ ነው ችግሩ ኬሚስትሪ ሳይሆን እንግሊዝኛ መሆኑን ያወቅነው! እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ከመሃል ይግለጡና አንዱን ይጠይቋት። መልሱ ትክክል መሆኑን ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ፊቷ ይነግርዎታል።

መጻሕፍቱን ደግሞ አይግዙ። ፒዲኤፉ በትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። ግን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የታላቅ ወንድም አሮጌ መጽሐፍ ላይ ወር ሙሉ ያጠና ጎረቤት አለን።

በቀን ስንት ሰዓት? (ከባሕር ዳር)

እኔ ግድግዳ ላይ የ12 ሰዓት ፕሮግራም ለጥፌ ነበር፣ በአራት ቀለም። አራት ቀን ቆየ። በመጨረሻ የጸናው ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5፡30፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 10፣ ማታ ከ1፡30 እስከ 3፡30 ነው። ሰባት ሰዓት፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ። እሑድ ምንም የለም። መብራት በሄደ ቁጥር ማታው እንዳይቀር የሚሞላ መብራት ገዛን፤ በዓመቱ ካወጣሁት ብር ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው።

ሪያድ ነው የምሠራው። ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ሆኖ ለፈተና እያጠና ነው። ለአስጠኚ በየወሩ እልካለሁ፣ ይማር አይማር ግን በምን ልወቅ? (እናት)

አይዞሽ እህቴ። የአስጠኚውን ጉዳይ እኔም ቀምሼዋለሁ። ለሁለት ወር አንድ አስጠኚ ይዘን ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሰዓት ያከብራል። መጥቶ ከባድ ከባድ ጥያቄ ያወጣል፣ ራሱ ቁልጭ አድርጎ ይሠራዋል፣ ልጄ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳል። ማታ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ ስሰጠው ልጄ መጀመሪያውን መስመር መጻፍ አቃተው። ስለዚህ ለአስጠኚው በስልክ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፦ እስክሪብቶው በልጄ እጅ ይሁን። እሱ አፉን ብቻ ነው የሚጠቀመው። እሺ ካላለ ሌላ ፈልጊ።

ለልጅሽ ስትደውዪ “አጠናህ?” አትበዪው። “አዎ” ነው የሚልሽ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። ከላይ ለጋሼ የነገርኳቸውን የስህተት ደብተር ይያዝና ገጹን ፎቶ አንስቶ በኢሞ ይላክልሽ። ባይገባሽም ግድ የለም፤ ገጽ ይጨምራል ወይስ ቆሟል የሚለውን ታያለሽ። ከዚያ አንዱን መርጠሽ “ይሄ ምንድን ነው?” በዪው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን ጊዜ ስለ ኳስ አውሩ፣ ምን እንደበላ ጠይቂው።

ሌላው፣ “ለአንተ ስል ነው በሰው አገር የምንከራተተው” የሚለውን በየስልኩ አትድገሚው። እውነት ነው፣ ያውቀዋልም። ግን ፈተናው ላይ ያንን ተሸክሞ ነው የሚቀመጠው። ለእናትሽም ቀላል ሥራ ስጫቸው፦ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ስልኩን ተቀብለው ትራሳቸው ሥር ያድርጉ። አያት ላይ የሚጮህ ልጅ ብዙ የለም።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው “ፈተናው በእጄ ነው” ብሎ 5 ሺህ ብር ጠይቋል። ጎረቤታችን ከፍላለች። እኛስ? (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

አትክፈል። ሌባ ነው። ሌባ ባይሆንስ? በግንቦት 2008 ፈተናው እውነትም ወጥቶ ነበር። ምን ሆነ? ፈተናው ለሁሉም ተሰረዘና ሌላ ወረቀት ተዘጋጅቶ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። እና ልጅህ “ይመጣል” ያሉትን ወረቀት ሲጠብቅ ያላጠናበት ሳምንት ከ5 ሺህ ብሩ ይበልጣል።

እናቴ ሥራዋን ትታ ቤት ቁጭ ብላ ታስጠናኛለች። ትወደኛለች፣ አውቃለሁ። ግን መተንፈስ አልቻልኩም። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ “ስንት ገጽ ቀረህ?” ትለኛለች። እንዴት ልንገራት እትዬ? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

የኔ ልጅ፣ ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ። እኔን ነው የገለጽከው።

አንድ ቀን ልጄ መጽሐፉን አስቀምጦ ወጣና እስከ ማታ አልተመለሰም። ያን ጠዋት ምን አልኩት መሰለህ? የአክስቱ ልጅ 400 ማምጣቷን። ለሃያኛ ጊዜ። ማታ ሲመጣ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ “እማ፣ መጽሐፉን ስገልጥ የማየው የእሷን ውጤት ነው” አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ በኛ ቤት የመጀመሪያው ነበር፤ እናቴ ቢሰሙ ይደነግጡ ነበር።

ከዚያ የተስማማነው ይህ ነው፣ አንተም ሞክረው። እናትህ የምትጨቀጭቅህ ስለማታይ ነው። የማይታይ ነገር ያስፈራል። ስለዚህ ሳትጠየቅ አሳያት። በየቀኑ ማታ 3፡30 ላይ አምስት ደቂቃ፦ ዛሬ ይህን ጨረስኩ፣ ይህ አልገባኝም፣ ነገ ይህን እሠራለሁ። በምትኩ ከዚያ ሰዓት በፊት “ስንት ቀረህ” የሚባል ነገር የለም። አንድ ሳምንት ሳታዛንፍ ካሳየሃት ራሷ ትተውሃለች። ካዛነፍክ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው፣ እኔም ከእናትህ ጋር ነኝ።

ይህን ለምታነቢው እናት ደግሞ፦ ከቤት ውጪ። ገበያ ሂጂ፣ ጎረቤት ቡና ጠጪ። ልጁ ብቻውን ካልተቀመጠ ብቻውን መፈተን አይችልም።

የምንኖረው ለንደን ነው። የ15 ዓመት ልጃችንን ትምህርት ቤት ስለከበዳት አውጥተን ቤት እያስተማርናት ነው። ጂሲኤስኢን (እዚህ በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደውን ፈተና) የት ነው የምትፈተነው? (ወላጆች)

እህቴ እዚያ ሁለቱን ልጆቿን እንዲህ ስላሳደገች ይህን ጉዳይ በእሷ በኩል አውቀዋለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ቤት ማስተማር ሕጋዊ ነው፤ ፈተናው ግን ራሳችሁ የምትፈልጉት፣ ራሳችሁ የምትከፍሉት ነው። የግል ተፈታኝ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወይም የፈተና ማዕከል መፈለግ አለባችሁ። ሁሉም አይቀበልም፣ የሚቀበለውም ቶሎ ይሞላል። ለግንቦትና ሰኔው ፈተና በመስከረም መደወል ጀምሩ።

ቤት የሚያስተምሩ ብዙዎች አይጂሲኤስኢን፣ ማለትም የጂሲኤስኢን ዓለም አቀፍ ዓይነት፣ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ነገር በፈተና ወረቀት ያልቃል፣ ሳይንሱም ያለ ቤተ ሙከራ ሊሄድ ይችላል። ውጤቱ ከ9 እስከ 1 ነው፣ 4 ማለፊያ ነው። ሁሉንም ትምህርት በአንድ ዓመት አታስፈትኗት፤ እህቴ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ብቻ ነው ያስፈተነችው፣ ልጅቷ አዳራሹን ለመደች። ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልጋት ከሆነ ደግሞ ማዕከሉን ገና ስትመዘግቧት ንገሩት፣ ማስረጃው ጊዜ ይወስዳል። አማርኛን በጂሲኤስኢ ላስፈትናት ብላችሁ ከሆነ ግን የለም፣ እህቴም ተናዳ ነበር።

ልጄ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊገባ ነው። ምን ልያዝለት? (እናት፣ ከጎንደር)

መፈተኛ ካርዱንና መታወቂያውን አስቀድመሽ ለብቻው አስቀምጪ። ስልክ አይገባም። ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተን ተማሪ አለ፤ የእሱም እንደዚያ ከሆነ ኢንተርኔት ቤትም ቢሆን ወስደሽ ማውዝ አስለምጂው። ብርድ ልብስ ይያዝ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አያንብብ፣ የስህተት ደብተሩን ብቻ።

ምግቡን በተመለከተ እኔ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ ሌላም ሌላም አሸክሜው ነበር፤ ሲሄድ ስደተኛ ነበር የሚመስለው። ግቢ ውስጥ ምግብ አለ። በሶውን እንዳለ ይዞት ተመለሰ፣ ማሩ ደግሞ ፈስሶ ሸሚዙን አበላሸው። ዳቦ ቆሎውን ግን የዶርሙ ልጆች በአንድ ማታ ጨርሰውታል። እሱን ጨመር አድርጊ።