ሦስት ሰርቨር፣ ሁለት ቀዳዳ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ፤ ሦስቱም የሰርቨር ጉዳይ ናቸው። ፕሪንተር ወረቀት ይበላብኛል ያላችሁኝ ለሚቀጥለው ወር ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን በሚያሠራው ሶፍትዌር፣ በፕሮክስሞክስ የሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች አሉን፤ ዲስኮቻቸውን ሴፍ በሚባለው የስቶሬጅ ሶፍትዌር አንድ አድርገን እንጠቀምባቸዋለን። እያንዳንዳቸው ሁለት የ10 ጊጋና ሁለት የ1 ጊጋ ፖርት አላቸው። ባለፈው ወር አሮጌው ስዊች ተቃጠለና አንድ ባለሙያ አዲስ ገጠመልን፤ 24 የጊጋ ፖርት አለው፣ በጎኑ ደግሞ ሁለት የ10 ጊጋ ቀዳዳ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሁሉም ሰላም ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ባክአፕ ሲጀምር ግን ቨርቹዋል ማሽኖቹ ይደርቃሉ፣ «ስሎው ኦፕስ» (ሥራው ዘገየ) የሚል ማስጠንቀቂያ ይጎርፋል፣ አንዳንዴም ሦስተኛው ሰርቨር ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ሌሎቹ ሁለቱ አንድም ቀን እንዲህ አላደረጉም። ፒንግ ሳደርግ ሁሉም ይመልሳሉ፤ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ባለሙያው «ዲስኮቹ አርጅተዋል፣ ዘጠኙንም ቀይሩ» ይላል። እንግዛ?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ጋሼ አይደለሁም። ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ እህትህ ነኝ። ይህን ዓምድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጋሼ የማይል ደብዳቤ የመጣልኝ ጥቂት ነው፤ አቦ፣ ይሁን።

ዲስክ አትግዙ። ዘጠኝ ዲስክ ተማክሮ ስዊች በተቀየረበት ሳምንት አያረጅም። ዲስክ ሲሞት ስሙ ይታወቃል፤ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ አንድ ቁጥር ይጠራል፣ እሱን ትነቅላለህ፣ ነገሩ ያበቃል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም በአንድ ላይ ሲከሱ ግን መታየት ያለበት መንገዱ፣ ኔትወርኩ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መልሱ እዚያው ተቀምጧል። ሦስት ሰርቨር አላችሁ፤ ስዊቹ ላይ ያለው የ10 ጊጋ ቀዳዳ ሁለት ነው። ሦስተኛው የት ገባ? የ10 ጊጋው ቀዳዳ አፉ ሌላ ስለሆነ ተራው የኔትወርክ ኬብል አይገጥመውም። ሰውዬው ሁለቱን ሰክቶ ሲጨርስ ቀዳዳ አለቀበትና የሦስተኛውን የስቶሬጅ አድራሻ (ሴፍ የሚነጋገርበትን) አንስቶ ከ1 ጊጋ ፖርቶቹ በአንዱ ላይ አስቀመጠው ብዬ እገምታለሁ። መብራቱ በራ፣ ፒንግ መለሰ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ይህ ለምን ሦስቱንም ያደርቃል? ሴፍ ካልነካኸው በቀር እያንዳንዱን ነገር በሦስት ቅጂ ይይዛል፤ ቅጂዎቹም በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ያርፋሉ። ሰርቨሮቹ ሦስት ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስቱም ቤት መድረስ አለበት። ሦስቱም «ዲስኬ ላይ አረፈ» ሳይሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ «ተጽፏል» የሚል ቃል አይወጣም። ስለዚህ ባለ 10 ጊጋዎቹ ሁለት ሰርቨሮች ቁጭ ብለው ባለ 1 ጊጋውን ይጠብቃሉ። 1 ጊጋ ቢት ማለት ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋ ባይት ነው። ቀን ላይ ጥቂት ሰው ጥቂት ነገር ሲጽፍ ይበቃል። ማታ ባክአፑ ሁሉንም ዲስክ ማንበብ ሲጀምር ያ ቀጭን መስመር ይሞላል።

ሦስተኛው ሰርቨር ራሱን የሚያጠፋውም ታዝዞ ነው። ሰርቨሮቹ «አለህ? አለሁ» የሚባባሉበት ኮሮሲንክ የሚባል አገልግሎት አለ። ብዙ መንገድ አይፈልግም፤ መዘግየት ግን አይችልም። እሱም በዚያው ባለ 1 ጊጋ መስመር ላይ ከተጫነ ባክአፑ መሃል መልእክቱ ይቀርበታል፤ ሦስተኛው ከጓደኞቹ ተለይቶ አብላጫ ድምፅ ያጣል፣ ኤችኤ የሚባለውን፣ ሰርቨር ሲወድቅ ማሽኖቹን በሌላው ላይ የሚያስነሳውን፣ ካበራችሁ ደግሞ ደንቡ «ብቻህን ከቀረህ ጥፋ» ነው። ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ሲነሳም ያመለጠውን ጽሑፍ በዚያው ቀጭን መስመር መልሶ ይጎትታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ስለ ፒንግህ፤ የድሬ ልጅ ነህና ደቻቱን ወንዝ ታውቀዋለህ። ጥር ላይ አሸዋውን ረግጠህ ከከዚራ ወደ መጋላ ትሻገራለህ፤ ጫማህ እንኳ አይርስም። በዚያ ተነስተህ «ለደቻቱ ድልድይ ምን ያደርጋል?» ብትል የ1998ቱን የጎርፍ ክረምት ያየ ሰው መልስ አያጣልህም። ፒንግ ጥር ላይ መሻገር ነው፤ የሚልከው 64 ባይት ነው። አንተ ማወቅ የምትፈልገው ነሐሴን ነው።

እንግዲህ ግምቴን አታምነኝ፣ ለካው። በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ የስቶሬጁ አድራሻ የተቀመጠበትን ፖርት ፍጥነት ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ እይ፤ ሁለቱ 10000፣ አንዱ 1000 ካሉህ ነገሩ አለቀ። ከዚያ አይፐርፍ በሚባለው የመስመር መለኪያ ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ፣ ሄዶም ተመልሶም፣ በስቶሬጁ አድራሻ ጫን። ጤነኛ 10 ጊጋ 9.4 ጊጋ ቢት ገደማ ይሰጥሃል፤ 1 ጊጋው ከ940 ሜጋ ቢት አያልፍም። ይህን ሥራ በሌለበት ሰዓት አድርገው። እኔ አንዴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሬው የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ወንበር ይዘው መጥተውብኛል።

መፍትሔው ትልቅ ስዊች መግዛት ይመስልሃል፤ አይደለም። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት የ10 ጊጋ ፖርት እንዳለው ራስህ ጽፈሃል። ሦስት ሰርቨር፣ ሦስት ኬብል፤ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው በቀጥታ አገናኛቸው። ለስቶሬጁ መሃል ላይ ስዊች አያስፈልግም፤ የሚቃጠልም የለም። አራት ሰርቨር ቢሆኑ ኬብሉ ስድስት፣ ፖርቱ በየሰርቨሩ ሦስት ይሆንና ነገሩ ይወሳሰባል፤ ለሦስት ግን ከዚህ የሚረክስ ነገር አላውቅም። ኬብሉ ጫፍና ጫፉ ከነሶኬቱ ተገጥሞ የሚመጣው፣ ዳክ የሚባለው ይሁን። ተራ ኬብል የሚቀበለውን የ10 ጊጋ መዳብ ሞጁል ተወው፤ ራሱ ይግላል፣ ድሬ ደግሞ የራሷን ትጨምርበታለች። ኬብልን የሚመርጥ የኔትወርክ ካርድ ስላለ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብለህ ተስማምተህ ግዛ። በሰርቨሮቹ ውስጥ ወደ እያንዳንዱ ጎረቤት የሚወስደውን ፖርት የሚናገር ሩት ትጽፋለህ። ተራ ሩት ከሆነ አንድ ኬብል ሲነቀል ሁለቱ ተጠፋፉ ማለት ነው፤ ራሱ መንገድ የሚፈልገውን ኤፍአርአርን ብትጭንበት በሦስተኛው በኩል ዞሮ ያልፋል። ጊዜ ካለህ ሁለተኛውን ሥራ።

ለውጡን እሑድ አድርገው። ባክአፕ መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ፤ ማታ ማታ ሲደርቅ የከረመ ባክአፕ ሙሉ ስለመሆኑ እኔ አልምልም። ቨርቹዋል ማሽኖቹን አጥፋ፣ የኤችኤውን አገልግሎት በሦስቱም ላይ አቁም፤ አለዚያ ኬብል ስትነቅል አንድ በአንድ ራሳቸውን ያጠፉብሃል። ሴፍን ደግሞ «ኖአውት» (አታውጣ) በለው፤ ካላልከው የጠፋበትን ዲስክ 10 ደቂቃ ጠብቆ ከቁጥር ያወጣዋል። እጅህ ላይ ያለው የስቶሬጅ አድራሻ እንዳለ ይቆይ፤ ፖርቱን ብቻ ቀይር። የሴፍ ሞኒተሮች፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሚከታተሉት፣ አድራሻቸውን በራሳቸው መዝገብ ይዘዋል፤ እሱን መቀየር የሌላ እሑድ ሥራ ነው። ስትጨርስ «ኖአውት»ን ማንሳት እንዳትረሳ። ኮሮሲንክን ነፃ በሆኑት በ1 ጊጋ ፖርቶች ላይ አውጣው፤ ከባክአፑ ጋር ግን አንድ ፖርት አይጋሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምጽፍልሽ ከሐረር ነው። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነኝና ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። በቪኤምዌር የሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች አሉን፤ ስቶሬጁ ቪሳን ነው፣ ስዊቹ ሁለት። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ አንዳንዱ ፋይል ይገለበጣል፣ አንዳንዱ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። የጤና ገጹ ላይ ኤም ቲ ዩ የሚል መስመር ቀይ ሆኗል። ፒንግ ግን ይሠራል።
*ከሐረር*

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን ጥፋት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ እዚያው ሐረር፣ ስሙን በማልጠራው ቤት። ኤም ቲ ዩ ማለት በአንድ ጊዜ የሚላከው ጭነት ትልቁ ልክ ነው፤ የተለመደው 1500 ባይት ነው። ሰርቨሮቹን ጃምቦ ፍሬም፣ ማለትም ትልቁን ጭነት፣ አበራሁላቸው፣ 9000 ባይት። ስዊቾቹንም አስተካከልኩ። ሁሉም በረረ፣ ተመርቄ ወደ ድሬ ወረድኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መብራት ጠፋ፤ ከስዊቾቹ አንዱን ከዩፒኤሱ ጋር አላገናኘነውም ነበርና እሱም ጠፋ። ሲነሳ 1500ን ይዞ ተነሳ። ሴቭ አላደረግኩትም ነበር። ያን ሳምንት የደንገጎን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ፒንግ መልሶልኝ «ሰላም ነው» ብዬ ተመልሻለሁ።

የወላጅ አባቴ ሥራ ምድር ባቡር ነበርና በሐዲድ ላስረዳዎት። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱ ፉርጎ በድሮው ልሂድ ቢል ጣቢያው ላይ የሚመልሰው ሰው ይኖራል። ራውተር እንደዚያ ነው፤ የተላከው ከበዛበት «በዛብኝ» ብሎ ለላኪው ይነግራል። ስዊች ግን ጣቢያ ጠባቂ የለውም። ከልኩ በላይ የሆነውን ፍሬም ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ላኪው አይሰማም፣ ተቀባዩ አያውቅም። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጠፋል። በደህናው ስዊች በኩል የሚገናኙት ሰርቨሮች ስለሚሠሩ ነው ግማሹ ፋይል የሚገለበጥልዎት።

አሁን ፒንጉን እንደገና ያድርጉት፤ መጠኑ 8972 ባይት ይሁን፣ «አትቆራርጠው» የሚለውም ትእዛዝ አብሮ ይግባ። ከ9000 ላይ የጎደለው 28 ባይት የአድራሻው ፖስታ ነው፤ 20 ለአይፒ፣ 8 ለፒንጉ ለራሱ። «አትቆራርጠው» ካላሉት ሰርቨሩ ራሱ ከፋፍሎ ይልከውና ያልፋል፣ እርስዎም ይታለላሉ። ፒንጉ በቪሳን ፖርት በኩል እንዲወጣም ይንገሩት፤ አለዚያ በማኔጅመንቱ መንገድ ዞሮ ሊያልፍ ይችላል። ከሦስቱም ወደ ሦስቱም ይሞክሩ። ከዚያ በሥራ ሰዓት ሳይሆን የአንዱን ስዊች ኬብል ነቅለው ይድገሙት፣ መልሰው ሰክተው ሌላውን። በየትኛው በኩል እንደሚጠፋ ያኔ ይታያል።

የታመመውን ስዊች ከፍ ያድርጉት፤ ብዙዎቹ 9216 ይቀበላሉ፣ አንዳንዱ ግን ጠፍቶ ካልተነሳ አዲሱን ልክ አይዝም። *ሴቭ* ያድርጉ። ሁለቱንም ስዊች ከሰርቨሮቹ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ያድርጓቸው፤ ሰርቨሮቹ በርተው ስዊቹ ከጠፋ እያንዳንዱ ብቻውን የቀረ ነው የሚመስለው። ይህ ሁሉ ከሰለቸዎት ደግሞ ሰርቨሮቹን ወደ 1500 ይመልሷቸው። ለሦስት ሰርቨር ጃምቦ የሚጨምረው ፍጥነት የጡረታ ዓመት እንቅልፍን አያህልም። እኔ አሁን ለትንንሽ ቤቶች 1500 ነው የማስገባው፤ ባለ ጃምቦዎቹ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ጥያቄ፦ ተለማማጅ ነኝ። ከሴፍ ሞኒተሮቻችን አንዱ «ክሎክ ስኪው» (ሰዓት ተዛነፈ) እያለ ይጮኻል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ተዛብቶ ስለነበር ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተካክዬዋለሁ። አሁንም አልተወም።
*ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ እህቴ፣ የግድግዳው ሰዓት ጠዋት 3 ሲል ሰርቨሩ 9 ማለት አለበት። አትፈሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም፤ በእኛ ሀገር ሰርቨር ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሲሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማነው ግድግዳውን ያየው?» ብዬ ነው።

ግን ስድስት ሰዓቱን ብታስተካክዪም ጩኸቱ አያቆምም። ሴፍ በሞኒተሮቹ መካከል የሚታገሠው ልዩነት 0.05 ሰከንድ ነው፤ ይህን ደግሞ ጣት አያስተካክለውም። በሦስቱም ላይ ክሮኒ፣ ሰዓት በኔትወርክ የሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ መሥራቱን እዪ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ሦስቱ በየፊናቸው እንዳይሄዱ ቢሮው ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ፣ ራውተሩም ቢሆን፣ ሰዓት ሰጪ ይሁንና ሦስቱም ከእሱ ይውሰዱ። ለሴፍ ዋናው ነገር እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጊው።

መብራት በጠፋ ቁጥር የሚዛባው ያው አንዱ ሰርቨር ብቻ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። በአብዛኛው ሲአር 2032 ነው፣ ሰዓት ሠሪዎቹ ዘንድ ጠይቂ፤ አሮጌውን አውጥተሽ ይዘሽው ሂጂ።